ፈረንሳይኛ መስሎ የወጣው አማርኛ

ፍሎፒው የተገኘው በአንድ ፌስታል ውስጥ፣ ከደረቀ የማኅተም ቀለምና ከዛገ ስቴፕለር ጋር ነው። ሦስት ተኩል ኢንች፣ 1.44 ሜጋባይት፤ ፊቱ ላይ በእስክሪብቶ «ደብዳቤዎች 91» ተብሎ ተጽፎበታል። ባለቤቱ ጅቡቲ ከተማ ተቀምጠው ለኢትዮጵያ አስመጪዎች ዕቃ ከወደብ ሲያስለቅቁ የኖሩ ትራንዚተር ናቸው።

«ጋሼ፣ ይኼ በምን ፕሮግራም ነበር የተጻፈው?»

«እኔ ምኑን አውቄ ልጄ! የምትጽፈው ጸሐፊዋ ነበረች። የእኔ ሥራ ማኅተም ማሳረፍ ነው።»

የፍሎፒ ማንበቢያ ተውሼ ከፈትኩት። ከፋይሎቹ አንዱ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ከላይ ወደብ ላይ ላለ ወኪል የተላከ ፈረንሳይኛ፣ ከታች አዲስ አበባ ላለው አስመጪ እንዲገባው የታሰበ አማርኛ። ፈረንሳይኛው ምንም አልሆነም፤ ሰላምታው፣ የኮንቴይነር ቁጥሩ፣ መሰናበቻው ሁሉ በቦታው አለ። አማርኛው ግን የለም። በእሱ ፋንታ ጭረት፣ ቆብ፣ ሁለት ነጥብና ጅራት የለበሱ የላቲን ፊደላት መስመር በመስመር ተሰልፈዋል። ከላይ ጨዋ ፈረንሳይኛ፣ ከታች ያበደ ፈረንሳይኛ። የፎንት ስም የሚታይበት ሳጥን ውስጥ የአንድ የአማርኛ ሶፍትዌር ፎንት ስም ቁጭ ብሏል፤ ፎንቱ ግን ኮምፒውተሬ ላይ አልተጫነም።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ 1981 መመለስ ያስፈልጋል (ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ነሐሴ 12 ቀን 1981 አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ አቀረበ። ልቡ የኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር ነው፤ ፍጥነቱ 4.77 ሜጋኸርዝ፣ መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር፤ የሚሠራበት ሥርዓት ደግሞ የማይክሮሶፍት ዶስ። ለእኛ ታሪክ የሚበልጠው ግን ማንም ገዢ ልብ የማይለው ነገር ነው። በዚህ ማሽን አንድ ሆሄ የሚያዘው በአንድ ባይት ነው፤ ባይት ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል፤ ስለዚህ ለዓለም ጽሕፈት ሁሉ የተሰጠው ቦታ 256 ነው። የመጀመሪያዎቹን 128 ቦታዎች የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና የትእዛዝ ምልክቶች ይዘዋቸዋል። ከ128 በላይ ያለው ደግሞ ለፈረንሳይኛና ለጀርመንኛ ቅጥል ፊደላት፣ ለግሪክ ሆሄያትና ለሠንጠረዥ መስመሮች ተከፋፍሏል። የሆሄያቱ ቅርጽም የማሳያው ካርድ ላይ ባለ የማይለወጥ ቺፕ ውስጥ ተቀርጿል።

አሁን ፊደላችንን እንቁጠር። 33 ተራ በ7 ሲባዛ 231። በዚያ ላይ ቋ፣ ጓ፣ ኳ፣ ኋ ከነቤተሰቦቻቸው፤ ሏና ሟ፣ ቧና ሷ፤ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ሃያ አኃዞች፤ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላና ድርብ ሰረዝ፤ ኋላ የመጣችው ቨ። ድምሩ ወደ 300 ይደርሳል። የቀረው ባዶ ቦታ 128 ነው። ሙሉ እንግሊዝኛን አባርሮ ቢጀመር እንኳ አይበቃም።

ይህ ጭንቀት አዲስ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የእንግሊዝኛን የጽሕፈት መኪና ወደ አማርኛ ሲያዞሩ ያጋጠማቸው ይኸው ሒሳብ ነው፤ የመኪናው ቁልፎች ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ። መፍትሔው ፊደሉን መበጣጠስ ነበር፤ ግንዱ ይመታል፣ ከዚያ እግሩ ወይም ቀለበቱ ለብቻው ይቀጠልበታል። ተረፈ ራስወርቅም በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል ለአማርኛ ቴሌፕሪንተር ከዚሁ ችግር ጋር ታግለዋል። በጽሕፈት መኪና የተመታ የቆየ ማመልከቻ ያየ ሰው ቀለበቱ ከግንዱ ትንሽ ርቆ የተቀመጠ «ሌ» አይጠፋውም። ያ የተቀጣጠለ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥም ተከትሎን ገብቷል።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተደረጉት በአሜሪካ ነው። በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍስሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግ በሚባል ድርጅታቸው፣ ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶ/ር አበራ ሞላ ሞድኢት በተባለ ሶፍትዌራቸው ግዕዝን በግል ኮምፒውተር አስጻፉ። ዶ/ር አበራ ኋላ ግዕዝኤዲትን ሠርተዋል፤ በፊደል አከታተብ ዘዴያቸውም የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪን አወጣ። በሹመት ስም የተጠራው ይህ ሶፍትዌር ኤጂኤፍ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚጀምሩ ፎንቶቹን ለብዙ መሥሪያ ቤት አድርሷል፤ ከመካከላቸው ዘመን፣ ረጅምና እጅ ጽሑፍ የሚባሉት ይገኙበታል።

ማን ቀደመ የሚለው ክርክር በስደተኛው ኢትዮጵያዊ ዘንድ እስካሁን አልበረደም። ክርክሩን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ፤ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው ያን የ256 ቦታ ቤት ለብቻቸው ከፋፈሉ፤ የአንዱ አከፋፈል ከሌላው ጋር አልገጠመም። አንዱ «ለ»ን ያስቀመጠበት ቁጥር ላይ ሌላው «ቂ»ን አስቀምጧል። የፍሎፒዬ በሽታ የተፀነሰው እዚህ ላይ ነው።

በ1992 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 3.1ን ሲያወጣ ከአፕል የተገኘውን የትሩታይፕ ፎንት ዘዴ ይዞ መጣ። የሆሄው ቅርጽ ከቺፕ ወጥቶ ማንም ቀርጾ ሊጭነው የሚችል ፋይል ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ገበያው ተከፈተ፤ ኮንሰፕት ዳታ ሲስተምስ ፓወር ግዕዝን፣ ከስቶር ኮምፒውቲንግ ቪዡዋል ግዕዝን አመጡ፤ ብራናም ገባ፤ አሜሪካ ያለው ኢትዮ ሲስተምስ በአባስ አላምነህ በኩል ፊደል የተባለ ሶፍትዌር አቀረበ። የኮምፒውተር ጸሐፊ ሲቀጠር «ፓወር ግዕዝ ትችያለሽ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ሆነ።

ዘዴው ግን ማስመሰል ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ብቻ ነው፤ ፎንቱ ደግሞ የላቲንን ሆሄ አማርኛ ያለብሳታል። በማሽኑ ሆድ ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር 233፣ ማለትም በዊንዶውስ የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ጭረት ያለባት የፈረንሳይ «ኤ» ነው፤ በስክሪን የሚታየው የአማርኛ ቅርጽ። ቦታው ስለማይበቃ ሁለት መላ ተመታ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፍሎ፣ በአንድ ቃል መካከል ሶፍትዌሩ ፎንት እየቀያየረ ይጽፋል። ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው ግንዱን ይተክልና ቅጥሉን ከላዩ ይደርባል። ወረቀት ላይ ታትሞ ሲወጣ ሁለቱም ያምራሉ። በዚያ ዘመን ደግሞ የአማርኛ ኮምፒውተር ሥራ ማለት ማተም ነበር፤ ኮምፒውተሩ የተሻለ ጽሕፈት መኪና ነው። በፊደል ተራ ስም ደርድር ቢባል ግን ይዘበራርቃል፤ ቃል ፈልግ ቢባል አያገኝም፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ከተከፈተ ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ራቁቱን ይወጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ያን ያህል አላሳሰበም፤ በአንድ ገጽ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ቢደባለቁ እንግሊዝኛ ቅጥል ፊደል የለውም፤ ከ128 በታች ባለው ሰፈሩ ይኖራል። ጅቡቲ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ፈረንሳይኛ ያለ ጭረቱ፣ ያለ ቆቡና ያለ ጅራቱ ፈረንሳይኛ አይሆንም፤ ሁሉም ደግሞ ከ128 በላይ ናቸው፤ የአማርኛ ፎንት ሠሪዎቹ የወረሩት ያንኑ ሰፈር ነው። ስለዚህ በአማርኛ ፎንት ፈረንሳይኛ መጻፍ፣ በፈረንሳይኛ ፎንትም አማርኛ መጻፍ አይቻልም፤ ጸሐፊዋ በየአንቀጹ ፎንት መቀየር አለባት፤ አንዴ ከዘነጋች «ሶሲዬቴ» የሚለው ቃል መሀል የአማርኛ ፊደል ይበቅልበታል።

በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለው ጉዳይ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ሲደርስ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ለገሃር የምንለው ስም ራሱ ከዚያ የቀረ ነው። ግንቦት 1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ በአሰብ ይገባ የነበረው ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከሞላ ጎደል በአንድ ወደብ ላይ ወደቀ፤ ከጭነቱ ጋር ወረቀቱም መጣ። «ደብዳቤዎች 91»፣ ማለትም የ1991 ዓ.ም.፣ የዚያ ወቅት ልጅ ነው። አማርኛ በብዛት ወደ ጅቡቲ ቢሮዎች የገባው ሁለት ኮምፒውተሮች በአማርኛ ሊግባቡ በማይችሉበት ሰዓት መሆኑ ዕድል ነው እንግዲህ።

የጉምሩክ ሶፍትዌሩ ከዚህ ችግር በሌላ መንገድ አመለጠ፤ አማርኛን ጨርሶ ባለማስገባት። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ፣ አንክታድ፣ ለምዕራብ አፍሪካ አገሮች ብሎ በ1981 የጀመረው ሥርዓት በእንግሊዝኛ አሲኩዳ፣ በፈረንሳይኛ ሲዶኒያ ይባላል። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ስም፣ ጅቡቲ በሁለተኛው ተጠቀሙበት። ዲክላራሲዮኑ በላቲን ፊደል ይሞላል፤ የአስመጪው ስምም እንደዚያው። እዚህ ላይ ትንሽ የምታስቅ፣ ትራንዚተርን ግን የምታስለቅስ ነገር አለች። ፈረንሳይኛ ጸሐፊ ተሾመን ሲጽፍ «ሾ»ን በሲ እና በኤች ያመጣዋል፤ እንግሊዝኛ የለመደ የአዲስ አበባ ሰው ያንኑ «ቾ» ብሎ ያነበዋል። በኢንቮይሱ ተሾመ፣ በሌላው ወረቀት ተቾመ። አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆንና ኮንቴይነሩ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል።

ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ ከዚህ የ256 ቤት በሰላም አልወጡም። በ1987 የምዕራብ አውሮፓ የባይት ሠንጠረዥ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲጸድቅ «ኦ» እና «ኧ» ተጣብቀው የሚጻፉባት የፈረንሳይ ሆሄ፣ ያለ እሷ ልብ፣ እንቁላልና እኅት የሚሉት የፈረንሳይኛ ቃላት በትክክል የማይጻፉት፣ ቀረች። በተሻሻለው ሠንጠረዥ የተመለሰችው በ1999 ነው። የኮምፒውተርን ታሪክ የሚጽፉ ፈረንሳዮች በ1973 የተሠራውን ሚክራልን የመጀመሪያው የግል ኮምፒውተር ነው እያሉ ይኮራሉ፤ ኮምፒውተሩን ቀድሞ መሥራት ሆሄን ከመጥፋት አላዳነም።

በኢሜይል የሚጻጻፉት ኢትዮጵያውያን በበኩላቸው ፎንት መጠበቅ ትተው በላቲን መጻፍ ያዙ። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ። ስሙ ምሕጻረ ቃል ነው፤ በአማርኛ የሚሰጠው ትርጉም ግን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። በሴራ እያንዳንዱ ፊደል ተመልሶ ሊፈታ በሚችል የላቲን ጥምረት ይጻፋል፤ ትንሹ ቲ «ት»፣ ትልቁ ቲ «ጥ»፤ ትንሹ ሲ «ች»፣ ትልቁ ሲ «ጭ»። ዛሬ በስልካችን ድምፁን እየተከተልን የምንጽፍበት ልማድ ከዚህ ሰፈር የመጣ ነው። ጃፓን ውስጥ ታካሃሺ ናኦቶ የሚባሉ ተመራማሪ ኢማክስ በተባለው ነፃ የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ ግዕዝን ማስገባታቸውም ከዚሁ ዘመን ነው። አንድ ጃፓናዊ ስለ ኋና ኳ ተጨንቆ ሌሊት ሲያድር መገመት ደስ ይላል።

ፍጻሜው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ነሐሴ 1988 የዜሮክሱ ጆ ቤከር አንድ ባይት ይብቃን፣ ሁለት ባይት ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ያኔ ቦታው 65,536 ይሆናል፣ የዓለም ፊደል ሁሉ የማይደራረብ የራሱ ቁጥር ያገኛል። ዩኒኮድ የተነሣው ከዚህ ነው። ግዕዝ በ1998 በዓለም አቀፉ ስታንዳርድ ማሻሻያ፣ በመስከረም 1999 ደግሞ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 ምልክቶች ይዞ ገባ።

አሰላለፉን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። እያንዳንዱ ተራ ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው ለነ ሏ እና ሟ። ሀ ከጀመረ ለ ስምንት ቆጥሮ ይመጣል፣ ሐ ሌላ ስምንት። በሀ ሁ ሠሌዳ የተማረ ሕፃን የሚያውቀው ተራ የኮምፒውተሩም ተራ ሆነ፤ ስም በፊደል ተራ መደርደር ያለ ተጨማሪ ድካም ተቻለ። ቆጠራውም በአማርኛ አላበቃም፤ በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌና ለሌሎች፣ በ2010 ለጋሞ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ፣ በ2021 እንደገና ለጉራጌ ተጨምሮ ዛሬ 523 ደርሷል።

ቁጥሩ ጸደቀ ማለት ግን ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። ከ1999 በኋላ ለዓመታት መሥሪያ ቤቶች በአሮጌው ፎንት ቀጠሉ፤ ያላቸው ሰነድ ሁሉ በእሱ ነው፤ ጸሐፊዋም የለመደችው እሱን ነው። ሰናምርምር የተባለው ስብስብ ነፃ የዩኒኮድ ፎንቶች አወጣ። ዋሽራ፣ ጅረት፣ ዘላን ይባላሉ፤ አንዱ ደግሞ በፊደል ቅርጽ ጠቢቡ በይገዙ ብስራት ስም ተሰየመ። ስማቸውን ከቅኔ ቤትና ከሠዓሊ መዋሳቸው ከገበያ ፎንቶች ይለያቸዋል፤ ለእኔ ጥሩ ምርጫ ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 ለሕዝብ በሸጠው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ጆን ሃድሰን የቀረጹትን፣ በደጋ አጋዘናችን ስም ኒያላ የተባለውን ፎንት ከአማርኛ ኪቦርድ ጋር ጨመረ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ለማየት ሲዲ መግዛት ቀረ።

ኪቦርዱ ግን ጅቡቲ ሲደርስ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በዚህ ከተማ ያለው ማሽን የፈረንሳይ ኪቦርድ ነው፤ ኤ እና ኪው፣ ዜድ እና ደብልዩ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ኤም ከታች ተነሥታ ከኤል ጎን ተቀምጣለች። የአማርኛው ኪቦርድ የሚከተለው በቁልፉ ላይ የታተመውን ሳይሆን ቁልፉ ያለበትን የእንግሊዝኛ ቦታ ነው። እንግዲህ በጅቡቲ ኪቦርድ ላይ የታተመውን እያዩ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብለው ሰላም ይጻፉ። ኤስ እና ኢ «ሰ» ያወጣሉ፤ ኤል «ል» ትላለች፤ ኤ የታተመባት ቁልፍ በእንግሊዝኛው የኪው ቦታ ስለሆነች «ቅ» ትጥላለች፤ ኤም የታተመባት ደግሞ ድርብ ሰረዝ። ሰላም ብለው «ሰልቅ፤» አገኙ። «ም»ን የፈለገ ነጠላ ሰረዝ የታተመባትን ቁልፍ ይምታ። እዚህ የሚሠሩ ልጆች ሳያዩ ነው የሚጽፉት፤ ማየት ያሳስታቸዋል።

ወደ ፍሎፒው ልመለስ። የድሮ ፎንት ቁጥሮችን ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ መለወጫዎች አሉ፤ የእያንዳንዱን ሶፍትዌር ሠንጠረዥ ከሰበሰቡት መካከል ዳንኤል ያዕቆብ ይገኙበታል። ያገኘሁት መለወጫ ፎንቱን ያውቀዋል፤ የሚቀበለው ግን ልብሱን ያወለቀ ጥሬ ጽሑፍ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ሙሉውን ገልብጬ ለጠፍኩለት። አማርኛው ሕይወት ዘራ፤ «ጉዳዩ፦» ብሎ ጀመረ። ፈረንሳይኛው ተበላሸ። ለማሽኑ 233 ሁልጊዜ 233 ነው፤ የትኛው ከፈረንሳይ አንቀጽ፣ የትኛው ከአማርኛ አንቀጽ እንደመጣ አያውቅም፤ ጭረት ያለባት «ኤ» ሁሉ የአማርኛ ፊደል ሆነች። «ሶሲዬቴ» ላይ ሁለት፣ «ኢትዮጵያዊ» በሚለው የፈረንሳይ ቃል ላይ አንድ፣ መሰናበቻው ላይ ሌላ።

ማረም ያዝኩ። በፈረንሳይ ኪቦርድ ጭረት ያለባት «ኤ» የራሷ ቁልፍ አላት፤ ቁጥር 2 የተጻፈበት ነው። ያን ቁልፍ ሃያ ሦስት ጊዜ መታሁት። ጨርሼ ስክሪኑን ወደ ሽማግሌው አዞርኩላቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ፈረንሳይኛውን ዘለው አማርኛውን ቀስ ብለው አነበቡ፤ የአስመጪው ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኼ ሰውዬ» አሉ፣ «እስካሁን አልከፈለኝም።»